ጥቁሩ ታንክና ንታቴ ሴሎ

ሥራ ያቆምኩት ጉልበቴ እምቢ ስላለኝ ነው። በመኪና በሚጎተተው ቤት፣ በካራቫን ሥር በጀርባዬ ተንሸራትቼ መግባቱ አላቃተኝም፤ መውጣቱ ነበር ያቃተኝ። በመጨረሻው ቀኔ የጋራዡ ባለቤት ታኒ ሪና ኬክ አስመጥታ ሠራተኞቹን ሰበሰበች። ታኒ በአፍሪካንስ አክስት ማለት ነው፤ ሁላችንም የምንጠራት በዚያ ነው። "ባለቤትህና ልጅህ የታሉ? ለምን አላመጣሃቸውም?" አለችኝ። ሥራ ላይ ናቸው አልኳት። ሥራ ላይ አልነበሩም። ዝግጅቱ መኖሩን ስላልነገርኳቸው ነው።

ደቡብ አፍሪካ፣ ጆበርግ ባለነው ሐበሾች ዘንድ ኢንጂነር ኤርሚያስ እባላለሁ። አንድ እሑድ ሮዘተንቪል በሚገኘው ቤተ ክርስቲያናችን በር ላይ አንድ ወንድም ሥራዬን ሲጠይቀኝ "ካራቫን እጠግናለሁ" አልኩት። እሱ ወዲያው ዞሮ ለሌላው ሰው "ኢንጂነር ነው" ብሎ አስተዋወቀኝ። ዝም አልኩ። በሚቀጥለው ሳምንት ሌሎችም እንደዚያው ጠሩኝ፤ ከዚያ በኋላ ማረም እየከበደኝ ሄደ። ካራቫን እጠግን እንደነበር እውነት ነው። የትኛውን የካራቫን ክፍል እንደምጠግን ግን ተናግሬ አላውቅም። የሽንት ቤቱን ታንክ ነበር።

ወደዚህ ሥራ ያስገቡኝ ንታቴ ሴሎ ናቸው። ንታቴ የሶቶ ሰዎች ታላቅን ሰው የሚያከብሩበት ቃል ነው፤ አባት እንደማለት። ከሆሳዕና አካባቢ እንደመጣሁ ከከተማው ወጣ ባለው ኦሬንጅ ፋርም ውስጥ በአጎቴ ልጅ ስፓዛ፣ በትንሽ የሰፈር ሱቅ፣ እሠራ ነበር። ንታቴ ሴሎ በየማለዳው ወደ ከተማ የሚወስደውን ታክሲ ከመሳፈራቸው በፊት ዳቦ የሚገዙን ደንበኛ ነበሩ። "ዱሜላ" ብለው ሰላምታቸውን ሳይሰጡ ዳቦ ጠይቀው አያውቁም።

አንድ ቀን ሱቁ ተዘረፈ። መወሰድ የሚችለው ተወሰደ፣ የማይቻለው ተሰባበረ። የአጎቴ ልጅ ወደ ሌላ ከተማ ሄደ። እኔ የመስታወት ስብርባሪ ስጠርግ ንታቴ ሴሎ እንደልማዳቸው መጡ። የሚገዛ ነገር እንደሌለ እያዩ ደጃፉ ላይ ቆሙ።

"አሁን ምን ልትሠራ ነው?" አሉኝ።

"አላውቅም።"

"እኛ ጋ ሰው ይፈልጋሉ። የሚሸት ሥራ ነው። ሆድህ ከቻለ ነገ አብረን እንሂድ።"

በመጀመሪያው ቀን ሆዴ አልቻለም። ከአጥሩ ሥር ተደፍቼ ሳስመልስ እሳቸው ፊታቸውን ወደ ሌላ አዙረው መፍቻ ሲፈልጉ ቆዩ። መፍቻው በእጃቸው ነበር። ስመለስ ምንም እንዳልተፈጠረ "ያችን የውሃ ጎማ አቀብለኝ" አሉኝ። ለረጅም ጊዜ ስለ እሳቸው ሳስብ ቀድሞ የሚመጣልኝ ይህ ነበር። ደሞዙ ከስፓዛው የተሻለ ነበር፤ የመኖሪያ ወረቀቴንም ለማሳደስ ታኒ ሪና ከጎኔ ቆማለች። ስለዚህ ቆየሁ።

በዚህ አገር የብዙዎቹ ካራቫኖች ሽንት ቤት ትንሽ ሣጥን ነው፤ ሲሞላ ተስቦ ይወጣና ይደፋል። እኛ ጋ የሚመጡት ግን ከባሕር ማዶ የገቡ ትልልቆቹና ፊልም ሠሪዎች የሚከራዩዋቸው ናቸው። እነዚህ ከወለላቸው ሥር ቆሻሻው የሚጠራቀምበት ሰፊ ታንክ አላቸው። ጥቁሩ ታንክ እንለዋለን። የመልቀቂያው በር ሲከፈት ብዙው ይወጣል፤ ግድግዳው ላይ የሚጋገረው ግን ይቀራል። ያንን ለማጠብ በካራቫኑ ጎን የውሃ ጎማ የሚሰካበት ቀዳዳ አለ። ውሃው በቀጭን ቱቦ በግድግዳው ውስጥ ወደ ላይ ይወጣል፤ ከመታጠቢያ ክፍሉ ጀርባ ከፍ ብላ በተተከለች ትንሽ ቫልቭ ያልፋል፤ ከዚያ ተመልሶ ይወርድና ታንኩ ውስጥ ባለው መርጫ ይረጫል።

አብዛኛው ብልሽት የሚመጣው ከአጠቃቀም ነው። ሰዎች የመልቀቂያውን በር ከፍተው ይተዉታል፤ ፈሳሹ ብቻ ይወርድና ደረቁ ከመቀመጫው ሥር እንደ ጉብታ ይቆለላል። ሌሎች ደግሞ በሩን ዘግተው የማጠቢያውን ውሃ ይለቁና ስልክ ሊያወሩ ይሄዳሉ፤ ታንኩ ሞልቶ በመቀመጫው በኩል ወደ ቤት ውስጥ ይገነፍላል። የውሃችን ጨው መርጫውን ይደፍነዋል፤ ኮምጣጤ ውስጥ ዘፍዝፈን በመርፌ እንከፍተዋለን። ይህን ሁሉ ሰው በቶሎ ይማረዋል። ረጅም ጊዜ የሚፈልገው የትንሿ ቫልቭ ነገር ነው።

ቫልቭዋ ከጡጫ አትበልጥም። ውስጧ ስስ ላስቲክ አለ። ውሃ ወደ ታንኩ ሲሄድ ታሳልፋለች። የመስመሩ ግፊት ድንገት ሲወድቅ ደግሞ አየር ታስገባና ውሃው ወደ ኋላ እንዳይሳብ ታደርጋለች። ጆበርግ ውስጥ ውሃ መጥፋቱ ብርቅ አይደለም። ውሃ ሲጠፋ ቧንቧው ይምጋል። ቫልቭዋ ካልሠራች የሚምገው ከጥቁሩ ታንክ ነው። እዚህ የብርዱ ወቅት በሆነው በሐምሌ ውርጭ ይህች ቫልቭ ትሰነጠቃለች፤ ስለዚህ ብርዱ ሲያልፍ ሥራችን እሷን መቀየር ነበር።

ንታቴ ሴሎ ለማጠቢያው በሚጠቀሙበት ጎማ ጫፍ ላይ ቀይ ጨርቅ ያስሩ ነበር፤ ለመጠጥ ከሚያገለግለው ጎማ ጋር በአንድ ጥግ አያስቀምጡትም። ታንክ ሲሞሉ ጆሯቸውን ግድግዳው ላይ ይለጥፋሉ። መጀመሪያ የሚሰማው የመርጨት ድምፅ ነው፤ ውሃው መርጫውን ሲሸፍነው ድምፁ ይወፍርና ይታፈናል። ያን ጊዜ እጃቸውን ያነሣሉ፤ እኔ እዘጋለሁ። ከዚያ ሰማያዊው ይመጣል። ሰማያዊ የኬክ ቀለም በመቀመጫው በኩል ታንኩ ውስጥ ይጨምራሉ፣ ጎማውን ከቧንቧው ነቅለው ጫፉን ወደ ታች ባልዲ ውስጥ ይለቁታል፣ ይጠብቃሉ። ጎማው ውስጥ የቀረው ንጹሕ ውሃ ወርዶ ካቆመ ቫልቭዋ ደህና ናት። ሰማያዊ ከመጣ ቫልቭዋ እንደገና ትፈታለች። ከየትኛውም ሥራ በኋላ የግድግዳውን ሽፋን ከመግጠሜ በፊት ስለ ሙከራው ጥያቄያቸው አንድ ነበር፤ "ሰማያዊውን አይተሃል?"

ጋራዡ ውስጥ ሻወር ነበረ። ማታ ማታ ከሁሉ ኋላ የምወጣው እኔ ነበርኩ። ከፎርድስበርግ የምገዛው ጠረኑ ኃይለኛ የሆነ ሳሙና ነበረኝ፤ ቆዳዬ እስኪሰነጠቅ እፈገፍግበታለሁ። ቱታዬን እዚያው ትቼ፣ የተተኮሰ ሸሚዝና ኮት ለብሼ፣ ታክሲ ውስጥ እንደ ቢሮ ሠራተኛ እቀመጣለሁ። ባለቤቴ ወርቅነሽ ታውቅ ነበር። ልጃችን ቤተል እዚሁ ተወልዳ፣ እዚሁ ተምራ፣ ባንክ ቤት ሥራ ከያዘች በኋላም ግን አባቷ ኢንጂነር እንደሆነ ታምን ነበር። አንድ ጊዜ ወርቅነሽ "ለልጅቷ እንኳ ብትነግራት ምናለ?" አለችኝ። ተቆጣኋት። ለጓደኞቿ ታወራለች፣ ጓደኞቿ ለወላጆቻቸው ያወራሉ አልኩ። እሷም ደግማ አላነሣችውም።

ቤተልን ለልጃቸው ሊጠይቁ የልጁ ቤተሰቦች ሽማግሌ የላኩት በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት ነበር። ልጁ የቤተ ክርስቲያናችን ልጅ ነው፤ አባቱ ሦስት ሱቅ ያላቸው የተከበሩ ሰው ናቸው። ያን ቀን ግማሽ ቀን እሠራ ነበር። እጄ ላይ የነበረው የሚስተር ኢስማኤል ካራቫን ነው። ሚስተር ኢስማኤል ፎርድስበርግ ውስጥ ጨርቅ ሲሸጡ ኖረው ሱቁን ለልጆቻቸው ያስረከቡ ሽማግሌ ናቸው። ከባለቤታቸው ከአንቲ ሩቂያ ጋር ባሕር ዳርቻውን ተከትለው ሊጓዙ ካራቫኑን ገዝተው ነበር፤ ያን ዕለት እኩለ ቀን ላይ ሊወስዱት ተስማምተናል። በውርጭ የተሰነጠቀችውን ቫልቭ አውጥቼ አዲስ ተከልኩ። ውሃ ለቀቅሁ፤ መርጫው ረጨ፤ ግድግዳው ውስጥ የሚያንጠባጥብ ነገር የለም። ሰዓቱን አየሁ። ታንኩን ሞልቶ፣ ቀለም ጨምሮ፣ ባልዲው ሥር ቆሞ መጠበቅ ነበረብኝ። እኔ ግን የማስበው ስለ ሻወሩ ነበር። ሽማግሌዎቹ ሲገቡ እጄን ይጨብጡኛል። ከጎኔ ይቀመጣሉ። ብሸታቸውስ?

ሽፋኑን ገጠምኩ። ንታቴ ሴሎ ከሌላ ካራቫን ሥር ሆነው ድምፁን ሰሙ።

"ኤርሚያስ፣ ሰማያዊውን አይተሃል?"

"አይቻለሁ፣ ንታቴ" አልኩ።

ታጠብኩ። ሽማግሌዎቹ መጡ። አንዱ ስለ ቤተል ሲናገሩ "የኢንጂነር ልጅ፣ በሥርዓት ያደገች" አሉ። ነጭ ሸሚዜን ለብሼ አንገቴን ደፍቼ ሰማሁ። ልጄን ሰጠሁ።

ሚስተር ኢስማኤል ተመልሰው ሲመጡ ካራቫኑን እየጎተቱ አልነበረም። ብቻቸውን ነበሩ። ታኒ ሪና ቢሮ ውስጥ ሁላችንንም ጠራችን። የሆነውን ሚስተር ኢስማኤል ቀስ ብለው ነገሩን። ካራቫኑን ባቆሙበት የባሕር ዳርቻ ካምፕ ውስጥ ከአንዱ ቧንቧ ጎማ ለሁለት ከፍለው ሰክተዋል፤ አንዱ ለሚጠጡት፣ አንዱ ለታንኩ ማጠቢያ። ታንኩን እያጠቡ ሳለ የካምፑ ውሃ ጠፋ። ትንሽ ቆይቶ ሲመለስ ደስ ብሏቸው ማሰሮ ሞሉ። በመሐል ምን ወደ ጎማው እንደተማገ አላወቁም። አንቲ ሩቂያ ታመሙ፤ ከካምፑ ወደ ሐኪም ቤት ተወሰዱ፤ እዚያም ለብዙ ቀን ተኙ። ቫልቭዋን የፈታላቸው የዚያ አገር ቧንቧ ሠራተኛ ላስቲኩ ውስጧ ታጥፎ ተጣብቆ እንዳገኘው ነገራቸው። ከፋብሪካ ስትወጣ ጀምሮ እንደዚያ ነበረች ማለት ነው። ሰማያዊው ይህን በአንድ አፍታ ያሳይ ነበር።

"ማን ነው የሠራው?" አለች ታኒ ሪና።

"እኔ ነኝ" አልኩ።

"ተፈትሿል?"

አፌን ከመክፈቴ በፊት ንታቴ ሴሎ ተናገሩ። "የጋራዡ ፍተሻ የእኔ ኃላፊነት ነው። ባልዲውን ሄጄ ማየት ነበረብኝ። አላየሁም።" እኔ ስለዋሸኋቸው ነገር አንድ ቃል አላወጡም። ከዚያም በኋላ፣ ብቻችንን ስንሆንም፣ አላነሡብኝም። ቢጮሁብኝ ይቀለኝ ነበር።

አንቲ ሩቂያ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ልጠይቃቸው እንደምፈልግ፣ ግን እንደምፈራ ለንታቴ ሴሎ ነገርኳቸው። "አብሬህ እሄዳለሁ" አሉ። ፎርድስበርግ፣ ከድሮው ሱቃቸው በላይ ያለው ቤት ወጣን። አንቲ ሩቂያ ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ቀድሞ ካራቫኑን ሊያዩ ሲመጡ እየሳቁ መጋረጃ ይለኩ የነበሩ ሴት ናቸው፤ አሁን ፊታቸው ከስቶ የጋብቻ ቀለበታቸው በክር ተጠምጥሞ ነው ጣታቸው ላይ የቆመው። ይቅርታ ጠየቅሁ። 

"መጠጣቱስ ይሁን" አሉ አንቲ ሩቂያ። "በዚያ ውሃ ተጣጥቤ ሰግጃለሁ። እሱ ነው ከራሴ የማይወጣልኝ። አልፈተሽከውም?"

"አልፈተሽኩትም።"

"ለምን?"

ንታቴ ሴሎ አጠገቤ ነበሩ። ለእሳቸውም መልሱን የምሰጠው በዚያ ሰዓት ነበር።

"ሽማግሌዎች ልጄን ሊጠይቁ ይመጡ ነበር። ከዚያ በፊት መታጠብ ፈልጌ ቸኮልኩ።"

አንቲ ሩቂያ ወደ እጄ አዩ። "ታዲያ ታጠብክ?" አሉኝ።

"አዎ" አልኩ።

 ሚስተር ኢስማኤል እስከ ደረጃው ሸኙን። ካራቫኑን ሸጡት፤ ወደ ባሕሩም እንደገና እንዳልሄዱ ከታኒ ሪና ሰማሁ። ታኒ ሪና አላባረረችኝም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰማያዊውን ሳላይ የገጠምኩት ሽፋን የለም። ይህን የምለው ለመመስገን አይደለም፤ አንድ ጊዜ የቀረው በቂ ነበር።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ሰው ልብ ይገዛል ብላችሁ ትጠብቁ ይሆናል። እኔም ስለራሴ እንደዚያ አስብ ነበር። ሰርጉ ሲቃረብ ወርቅነሽ የሚጠሩትን ስትቆጥር "ንታቴ ሴሎስ?" አለችኝ።

"ሩቅ ነው፣ ይደክማቸዋል" አልኳት።

እውነቱ ሌላ ነው። ንታቴ ሴሎ በሄዱበት ሁሉ ሥራቸውን ሳያፍሩ የሚያወሩ ሰው ናቸው። ከሙሽራው አባት ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው "እኔና ኤርሚያስ ታንክ ስናጥብ" ብለው ሲጀምሩ ታየኝ። እሳቸው ራሳቸው ሥራ ቦታ ላይ "ሰርጉ መቼ ነው?" ብለው ጠየቁኝ። ቀኑን አልተናገርኩም። "ንታቴ፣ በጣም ትንሽ ነው የምናደርገው። ቤተሰብ ብቻ" አልኳቸው። መፍቻቸውን በጨርቅ ጠርገው "ጥሩ ነው። ትንሽ ሰርግ ያምራል" አሉ። ብዙም ሳይቆዩ ስኳር በሽታው ስለጠናባቸው ሥራ ለቀቁ። በስልክ እንኳ የጠየቅኋቸው ጥቂት ጊዜ ነው።

እኔ ሥራ ባቆምኩ በሳምንቱ ንታቴ ሴሎ ደወሉ። ከታኒ ሪና ሰምተው ነው። "አሁን ሁለታችንም ሥራ ፈት ነን። ና፣ ሻይ እንጠጣ" አሉኝ። ቤተል ከጎኔ ነበረች።

"ማን ናቸው፣ አባዬ?"

"አብረውኝ ይሠሩ የነበሩ ሰው ናቸው። ኦሬንጅ ፋርም።"

"በታክሲማ አትሄድም። እኔ እነዳልሃለሁ።"

ሰበብ ፈለግሁ፤ አላገኘሁም። መንገዱን ሁሉ ስለ ሥራዋ ስታወራልኝ የሰማሁት ጥቂቱን ነው።

ንታቴ ሴሎ በር ላይ ክፍት ነጠላ ጫማ አድርገው፣ ምርኩዝ ይዘው ጠበቁን። እግራቸው አብጦ ነበር። ባለቤታቸው ምሜ ዲኔዎ ሻይና ብስኩት አቀረቡ፤ ምሜ እናት እንደማለት ነው። ቤተል በእንግሊዝኛና በዙሉ እያቀላቀለች አጫወተቻቸው፤ እሳቸውም ደስ አላቸው።

"አባቴን ሥራ ያስተማሩት እርስዎ ነዎት አይደል?" አለቻቸው። "ሁልጊዜ ኢንጂነር ነው ከማለት በቀር ዝርዝሩን አውርቶልኝ አያውቅም። ምን ነበር የምትሠሩት?"

ንታቴ ሴሎ ስኒያቸውን አስቀመጡ። ወደ እኔ አዩ። እንደሚመልሱላት ጠብቄ ነበር። መልሱን ለእኔ ተዉልኝ።

"የሽንት ቤት ታንክ ነው" አልኩ። "የካራቫን። ማጠብና ቧንቧውን መጠገን። ኢንጂነር ሆኜ አላውቅም።"

"የሽንት ቤት?"

"አዎ።"

ቤተል አንዴ እኔን፣ አንዴ እሳቸውን አየች። "ኦኬ" አለች በቀስታ። "ኦኬ። ታዲያ ይሄን ደብቀህ ነው የኖርከው?" መልስ አልጠበቀችም። ሌላ ነገር ትዝ ብሏት ወደ ንታቴ ሴሎ ዞረች። "ሰርጌ ላይ ግን አላየሁዎትም።"

"ያን ሰሞን አሞኝ ነበር፣ ልጄ" አሉ።

ቢሮ ውስጥ እንዳደረጉት ነበር። እንደገና ጥፋቴን ሊሸከሙልኝ ነው። 

"አላመማቸውም" አልኩ። "አልጠራኋቸውም። ትንሽ ሰርግ ነው፣ ቤተሰብ ብቻ ነው አልኳቸው።"

"ትንሽ?" አለች ቤተል። "አባዬ፣ አዳራሹ አልበቃ ብሎ ድንኳን ጨምረናል! ስማቸውን የማላውቃቸው ሰዎች ከእኔ ጋር ፎቶ ተነሥተዋል። እሳቸው እዚህ ቁጭ ብለው?"

 ምሜ ዲኔዎ እስከዚያ ድረስ ብዙም አልተናገሩም ነበር። የብስኩቱን ሳህን ወደ መሐል ገፋ አድርገው፣ ቁጣ በሌለበት ድምፅ፣ "ሽማግሌዎቹ መምጣታቸውን እንደሰማ ሴሎ ጫማ ገዝቶ ነበር" አሉ። "ኤርሚያስ ልጁን ሲድር በአሮጌ ጫማ አልሄድም ብሎ። ቀኑን እስክትነግረው ሲጠብቅ ነበር።"

"ዲኔዎ" አሉ ንታቴ ሴሎ።

"ጫማው የት ነው?" አለች ቤተል።

ምሜ ዲኔዎ ወደ ውስጥ ገብተው ካርቶኑን ይዘው መጡ። ጥቁር ባለማሰሪያ ጫማ ነው፤ ውስጡ የተጠቀጠቀው ወረቀት እንኳ አልወጣም። ቤተል ወረቀቱን አወጣች። የባንክ ቤት ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ሲሚንቶው ላይ ተንበረከከችና የንታቴ ሴሎን ነጠላ ጫማ አወለቀች። እሳቸው ሊከለክሏት እጃቸውን አነሡ፣ ከዚያ ተዉት። እኔ ወንበሬ ላይ እንደተቀመጥኩ ነኝ። ማሰሪያውን እስከ መጨረሻው አላልታ እግራቸውን በሁለት እጇ ይዛ ቀስ ብላ አስገባች። ግማሽ ድረስ ሄደ። ተረከዙ አልገባም። ደግማ ሞከረች።

"ተይው፣ ልጄ" አሉ ንታቴ ሴሎ። "ያን ጊዜ ልኬ ነበር።"